የተከበሩ እማዋይሽ ወንፈል

ቁሐር ሚካኤል፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ እማዋይሽ፣
የክልሉ ምክር ቤት አባል፣
ባሕር ዳር

ከጣራ ገዳም እስከ ጣና ዳር እንደ እኔ የሚጽፍ ገበሬ አልተፈጠረም። ይህን የምለው ማንንም ሳልፈራ ነው። ጣራ ገዳምን እንኳ ልተወው፤ እዚያ መነኮሳቱ ስላሉ ነገሩ ያከራክራል። ከቁሐር ሚካኤል የማታ ተማሪዎች መካከል ግን አንደኛ ነኝ። ካሳነሽ ባትመዘገብ ኖሮ ማለቴ ነው። የገዛ እኅቴ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ፤ እሷ ከነነጥቡ ከነሰረዙ ትጽፋለች።

እንዴት ሰነበቱ? የምክር ቤቱ ሥራ እንዴት ይዞዎታል? ለሹመኛ ሲጻፍ አንቱ ይባላል ያሉን መምህራችን ናቸው። ነገር ግን አንች እያልሁ የኖርኋትን ሴት አንቱ ስል ለሌላ ሰው ሚስት የምጽፍ እየመሰለኝ እጄ ተሳሰረ። ስለዚህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። እንዴት ሰነበትሽ እማዋይ?

ደብዳቤሽን ደሞዝ አመጣልኝ፤ ያ ከወረታ ሩዝ ጭኖ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ሹፌር። «የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አለኝ። «የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እጅህን ሳትታጠብ አትንካ» አልሁት። ስልኩንማ ታውቂዋለሽ። እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ እጮሃለሁ፣ አንች የምትይው ሳይሰማኝ ጎረቤት ሁሉ ይመልስልሻል። ወረቀት ይሻላል፤ የሚሰማን የለም።

ሩዙን ማን አረመልህ ብለሻል። ይህን ስሚልኝ። ሳልጠራቸው መጡ። ማለዳ ብወጣ የማሳችን ዳር በሰው ተሞልቷል። አያ መንግሥቴ ከፊት፣ ሌላው ሰፈር ከኋላ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። ካሳነሽ የምታበላቸው ጠፍቷት በትልቁ ድስት ሽሮ ጣደች። እኔ እነሱ ጎን አርሜ አርሜ፣ ወጥቼ ጠላ እቀዳለሁ። ስምሽን እያነሱ ሲያዜሙ ብትሰሚ ደስ ባለሽ። የእኔም ስም አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ «የእማዋይሽ ባል፣ ጠላ ጨምር» ሲሉ። ፀሐይ ሳትገባ ማሳው ጠራ። በፎገራ ምድር እንደ እኔ የተከበረ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ልጃችን አይናለም ከባሏ ጋር ጎንደር ደኅና ናት፤ ሰላም ብላሻለች። እንግዲህ ቤቱ እኔና ከብቶቹ ነን። ስትሄጅ «አንድ የምርጫ ዘመን ብቻ» ብለሽኝ ነበር። ያ ዘመን እያለቀ ነው አሉ። እኔ አልቆጠርሁም፤ ካሳነሽ ናት የምትቆጥረው። ሲያልቅ ወደ ቤትሽ ትመጫለሽ፣ አይደል?

አክባሪሽ ባልሽ፣
ደስታው

*

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ደስታው፣

ስለቆየሁ ይቅርታ። የበጀት ስብሰባ ላይ ነበርን። ደብዳቤህ የደረሰኝ ስለ ሌላ ወረዳ መንገድ ስንከራከር ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር አነበብሁት። «ጠላ ጨምር» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ተናጋሪው በእሳቸው የሳቅሁ መስሏቸው እስካሁን አኩርፈውኛል።

ጽሕፈትህ ያምራል። ካሳነሽን አትፍራት።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ደቦ ቢሆን ጠሪው አንተ ነህ፤ ታበላለህ፣ ታጠጣለህ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሳይጠራ የመጣ ሰው ግን ወንፈል አስቀምጦ ነው የሚሄድ። ቀኑን ሰጥቶሃል፤ በቀኑ ትመልስለታለህ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስትኮራ ነው የረሳኸው። ከአንተ ማሳ የሚፈልጉት ምንድን ነው? ማታ ስትለያዩ አያ መንግሥቴ ምን አለህ? ቃል በቃል ጻፍልኝ። ራስህን ነቅንቀህ ከሆነም እሱንም ጻፍ።

መጨረሻ ላይ የጠየቅኸኝን አንብቤዋለሁ። መልሱን ጀምሬ ሰረዝሁት። ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። ክፉ ነገር ነው ብለህ አታስብ።

ሲዘንብ ደረትህን ሸፍን።

እማዋይሽ

*

ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዋይሽ፣

ቃል በቃል ብለሻል፤ ይኸው ቃል በቃል።

አያ መንግሥቴ እግሩን እየታጠበ «ደስታው» አለኝ።

«አቤት አያ።»

«ሩዟ አምሮባታል።»

«አምሮባታል።»

«እንግዲህ እሷም እዚያ ሆና ታስበን። የግንድ ድልድያችን ዘንድሮም መስጠሙ አይቀርም። ነገሩን ለእሷ ትተናል።»

እኔ ምንም አላልሁም። ራሴን ነቀነቅሁ እንጅ። እንዴት አወቅሽብኝ? ምንም አላልሁም ያልሁትም ይሰረዝ። «እማዋይሽ ከያዘችውማ በግንድ ሳይሆን በብረት ይሠራል» ብያለሁ። ጠላው ነው ያናገረኝ እንዳልል የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ብዙ አልጠጣሁም። ኩራት ነው። ሃያ ሰው ማሳህ ላይ ቆሞ የሚስትህን ስም ሲዘፍን አንች ብትሆኝ ምን ትይ ነበር?

አሁን ድልድዩ ሰጥሟል። ውሃው ግንዱን ውጦ የዚያኛው ዳር ብቻ ይታያል። ወረታ ገበያ መውጣት የሚፈልግ ከብቱን እያዋኘ ነው የሚሄድ። በዚህ ላይ ወሬው መጣ። ዘንድሮ ለወረዳችን የተሰጠው በጀት ለማዶ ሰፈር ነው አሉ፤ እዚያ ማዋለጃ ያለው ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ መንገዱም በአፈር ከፍ ይላል። የእኛ ድልድይ ለሚመጣው ዓመት ነው። ይህንንም ያስወሰንሽ አንች ነሽ አሉ።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። ሰላምታ ነው ያሳጠሩብኝ። ድሮ አንድ ሰው ሲያገኘኝ እንዴት አደርህ፣ ከብቶቹስ፣ ውሃው እንዴት አደረጋችሁ፣ እማዋይሽስ ደኅና ናት ሲል መንገዱ ያልቃል። አሁን «እንዴት አደርህ» ብለው እዚያው ላይ ያቆማሉ። ከብቶቹንም አንችንም ትተዋችኋል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አያ መንግሥቴ «እንዴት አደርህ» አለኝ፤ «ደኅና፣ እማዋይሽም ደኅና ናት» አልሁት፣ ሳይጠይቀኝ። ቀና ብሎ ውሃውን አየ።

እኔ በአንች ላይ ቅሬታ የለኝም። ባል ነኝ፣ መራጭ ብቻ አይደለሁም። ግን የማላውቀው ነገር ካለ ንገሪኝ። ለምን ማዶ?

የምንተኛበት መደብ በጣም ሰፍቶብኛል። ድሮ የሚጠበን የነበረ መደብ ነው። ጭቃ ያድጋል እንዴ?

ደስታው

*

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደስታዬ፣

አንተ ሰላምታ የተነፈግኸው በእኔ ነው። ይቅር በለኝ።

ለምን ማዶ ላልኸው፣ ድሮ ልነግርህ ይገባኝ የነበረውን ልንገርህ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳለሁ በአንዱ ክረምት እስከ ደረቴ ረጥቤ ገብቼ እህል አልቀምስም ያልሁበትን ቀን ታስታውስ ይሆናል። ብርድ ነው አልሁህ። አንተም አመንኸኝ፤ በላዬ ላይ ጋቢህን ጣልህ። ብርድ አልነበረም። ጥሩብርሃን የምትባል የማዶ ልጅ ምጥ ይዟት ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነበር። መንገዱን ውሃ ይዞታል። ታንኳው ከወዲህ ዳር ታስሯል፣ ቀዛፊው ገበያ ሄዷል። «እማዋይሽ፣ እየመጡ ነው?» ትለኝ ነበር። እየመጡ ነው አልኋት። ማንም አልመጣም። እጄ ላይ ሞተች። ቦርሳ ነበረኝ፣ መድኃኒትም ነበረኝ፤ መንገድ አልነበረኝም።

ለምክር ቤት የተወዳደርሁት ያን ቀን ይዤ ነው። ለመራጭም አልተናገርሁትም፣ ለአንተም። የእኛ ድልድይ ሲሰጥም ገበያ ይቀራል። የማዶዎቹ መንገድ ሲሰጥም እናት ትቀራለች። ከሁለቱ አንዱን አስቀድመሽ ምረጪ ቢሉኝ አሁንም ማዶን ነው።

ግን ጉልበታቸውን በልተናል። የምክር ቤት ወንበር ወንፈል አይመልስም። እኔ እጅ አውጥቼ የማጸድቀው የሕዝብ ነው፤ የእኛን ማሳ ለጠራረገ ሰው ልመልስበት አልችልም። ወንፈልን የሚመልሰው ወገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ሲያርፍ፣ ከጳጉሜ አንስቶ፣ ለሁለተኛው አረም እመጣለሁ። በየማሳቸው ለእያንዳንዳቸው ቀናቸውን እመልሳለሁ። አንተም ከጎኔ ትገባለህ፤ ራሱን የነቀነቀው አንተ ነህና። ሄደህ ንገራቸው፤ እማዋይሽ ድልድይ አልያዘችም፣ ወገቧን ይዛ ትመጣለች በላቸው።

ስለሌላው ስንገናኝ እናወራለን።

እማዋይሽ

*

ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማዋይሽ፣

በሰላም መግባትሽን ደሞዝ ነገረኝ። መኪና ውስጥ እስከ ባሕር ዳር ተኝተሽ ነው የሄድሽ አለ፤ አፍሽን ከፍተሽ። ይህን ለጋዜጣ አልሰጥም።

ወገብህ እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ወገቤ የአንበሳ ወገብ ነው። ካሳነሽ በቅቤ ስታሸኝ ጮኸ ብትልሽ አትመኛት። የጮኸው ሌላ ሰው ነው። በቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም እንጅ።

የነበርሽበትን ለአንች መንገር አያስፈልግም። ከሄድሽ በኋላ ያለውን ልንገርሽ። አያ መንግሥቴ በማግሥቱ ብቻውን ማሳው ገብቶ አንች የያዝሽውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ዞረው። እኔ ከመንገድ ሆኜ አየሁት። «ምን ትፈልጋለህ አያ?» አልሁት።

«አረም» አለኝ። «አንድ እግር እንኳ ትታ ቢሆን አፌን እከፍትባት ነበር።»

«እና?»

«ምን ታደርጋታለህ። አፌን ዘጋችው።»

ስለ ጥሩብርሃን ራስሽ እሱ ማሳ ላይ አጎንብሰሽ ነግረሻቸዋል አሉ። እኔ ያን ቀን፣ ተከፋፍለን ስለገባን፣ በወዲያኛው ማሳ ነበርሁ። ከሴቶቹ ማንም ቀና አላለም፣ እያረሙ ነው የሰሙሽ አለችኝ ካሳነሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዶ ክፉ የተናገረ የለም። ውሃው ሲጎድል ግንዱን እስከሚቀጥለው በጀት ድረስ ራሳችን እናንሳው ተባብለዋል። ሰላምታውም ተመልሷል፤ እንዲያውም አሁን እኔን ትተው አንችን ብቻ ይጠይቃሉ። «እማዋይሽ እንዴት ናት?» ይሉና ያልፋሉ። የእኔ ማደር አለማደር አልገዳቸውም።

አሁን ቅሬታዬን ስሚ፤ የምክር ቤት አባል ቅሬታ ትሰማለች ሲባል ሰምቻለሁ። ሁሉም ቀኑን አገኘ። አያ መንግሥቴ አገኘ፣ ካሳነሽ አገኘች፣ ስሙን የማታውቂው ሁሉ አገኘ። ዕንቁጣጣሽንም ሰው ቤት ዋልሽ። እኔ ደግሞ ሳቅሽን በውሃው ላይ ከሩቅ ነው የምሰማው። ማሳ ለማሳ ሳቅሽ ይደርሰኝ ነበር፤ ምን እንዳሳቀሽ አይደርሰኝም። ማታ ትገቢያለሽ፤ እግርሽን ሳጥብሽ ጭንቅላትሽ ይወድቃል። ጉርሻ ጠቅልዬ «እማዋይ» ስል አትሰሚም። ጉርሻዋን እኔው በላኋት። ስንገናኝ እናወራለን ያልሽውም እንደዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ያን ሐምሌ እኔም እኮ ማሳሽ ላይ አርሜልሻለሁ። ወንፈል ከሆነ የእኔ ቀን የት ሄደች?

ደስታው

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ደስታው፣

ሩዙ መሰብሰቡን፣ ክምሩም ዝናብ ሳይነካው መግባቱን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። የላክኸው ሩዝ ደርሶኛል። ቀቅዬ ብቻዬን በላሁት፤ የቤት ሽታ አለው።

ያኔ ያንቀላፋሁብህን ማታ ሁሉ እዚህ ቁጭ ብዬ አስባቸዋለሁ። ጉርሻዋንም አስቤያታለሁ። ይቅር በለኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ የጠየቅኸኝን ያቆየሁት መልሱን ስለማላውቅ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር። ስለማውቅ ነው ያቆየሁት። ለሚቀጥለው ምርጫ ደግመሽ ግቢ ብለውኛል። የማዶው ጤና ጣቢያ ግድግዳው ቆሟል፤ የማዋለጃው ክፍል ግን ጣሪያ የለውም፣ መንገዱም ግማሽ ነው። እኔ ከወጣሁ ተከታትሎ የሚያስጨርሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የእኛ ድልድይ አለ። እኔ መግባት እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍሁት።

መምጣትም እፈልጋለሁ። የምኖርባትን ክፍል አይተሃታል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ቁልፍ። ከስብሰባ ስመለስ በሩን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እዘጋለሁ። «መጣሽ?» የሚል የለም። ቀኑን ሙሉ የተከበሩ እየተባልሁ እውላለሁ፤ ማታ እማዋይ የሚለኝ የለም። ይህ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ደግሞ አምስት እንድንጨምር የምጠይቅህ እኔ ነኝ፤ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለጠየቁኝ ከጥር ሚካኤል በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። ሰዉንም ጠይቅልኝ፤ የመረጡኝ እነሱ ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን አንተን ነው የምጠይቅ። ቀልድ ሳትቀላቅል ንገረኝ። ልግባ ወይስ ልምጣ? ያልኸው ይሆናል። ነይ ካልኸኝ እመጣለሁ፤ አንድ ቀንም አላነሳብህም።

እማዋይሽ

*

ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማዋይ፣

ቀልድ ሳትቀላቅል ብለሻል። እሞክራለሁ። እጄ ለምዶበት አንዳንድ ቦታ ሾልኮ ቢገባ እለፊው።

ከትናንት ወዲያ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ተመልሶ ከገባ በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ሳይበተን መምሬ ገብረ ኪዳን በቅጥሩ ውስጥ ከዛፎቹ ሥር አስቀመጡን። ነገሩን ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። «ደስታው ደብዳቤ አለው፤ ራሱ ያነባል» አሉ። ተነስቼ አነበብሁ። በሕይወቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንዲት ቃል አልሳትሁም፣ ካሳነሽ ምስክር ናት። ያነበብሁላቸው ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ ያለውን ነው። ስለ በሩ ያልሽውን አላነበብሁም። እሱ የእኔ ነው።

መጀመሪያ አያ መንግሥቴ ተነሳ። «ትግባ» አለ። «ድልድዩን ሳትሰጠን እዚህ መጥታ ብትቀመጥ ማንን ልንጠይቅ ነው?» ሰዉ ሳቀ። ካሳነሽ «ሌላ ሰው ብንልክ ያርምልናል?» አለች። ደግሞ ተሳቀ። ከማዶ ለበዓሉ የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ብድግ ብላ እጇን ብቻ አነሳች። ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

መምሬ «ትቅር፣ ትመለስ የሚል አለ?» ብለው ጠየቁ። ባየህ የሚባል ሰው ከዳር ተነሳ። አንች አታውቂውም፤ ከሄድሽ ወዲህ ነው ሰፈራችን የገባው። ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለና እንዲህ አለ።

«አባቶቼ፣ እናንተ የምትሰጡት የእናንተ ያልሆነ ነገር ነው። ሴትየዋ ቤት አላት። እኔ በደጁ ሳልፍ አየዋለሁ። ሰውየው ማታ ሁለት ሰሃን ያወርዳል፤ አንዱን መልሶ ይሰቅላል። ውሻው በመንገድ ሴት ባለፈች ቁጥር ይነሳና ይቀመጣል። ምክር ቤት ውስጥ እሷ ብትቀር ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ወንበር ነው፣ ይሞላል። እሷ የወጣችበት ቤት በማን ይሞላል? ጤና ጣቢያው ይሠራ፣ ድልድዩም ይሠራ፤ እኔም እሻገርበታለሁ። ግን አምስት ዓመት ጠብቆ፣ አሁን ደግሞ ደስ ብሎህ ሌላ አምስት ጠብቅ የሚባለው ማነው? ያ ሰው እያረጀ ነው። እሷም እያረጀች ነው። እርጅናቸውን እንኳ አብረው ቢያዩት ምናለበት? ይህን ማለቴ ሰዉን ለማስቀየም አይደለም። አንድ ሰው ሊለው ይገባል ብዬ ነው።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ነኩ። መምሬ «ሰማንህ ልጄ» አሉት፣ አልተቆጡትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደስታው፣ የቤቱ ባለቤት አንተ ነህ። ሁሉም ካለው ይልቅ ያንተ ይበልጣል። ምን ትላለህ?»

ተነሳሁ። የዚያች የማዶ ሴት እጅ አሁንም አልወረደም ነበር፤ ረስታው ይመስለኛል። አየኋት። «ትግባ» አልሁ። የእኔንም እጅ አነሳሁ። ሌላ የምጨምረው ነገር ጠፋኝ፤ እኔን ቃል ሲጠፋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተቀመጥሁ። አያ መንግሥቴ ከጎኔ ነበር፤ ጉልበቴን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ።

መልሴ ይኸው ነው እማዋይ። ግቢ። ጣሪያውን አስከድኝ፣ መንገዱን አስጨርሽ። በዚህ አንድ ቀንም አላነሳብሽም። ስትመጭ ግን ለማሳ አትምጭ፤ ለእኔ ነይ።

ከላይ ከጻፍሁት ሁሉ አንዱን ከራሴ ፈጥሬዋለሁ። ሌላው ሁሉ እንዳለ እውነት ነው፤ መምሬም፣ አያ መንግሥቴም፣ የማዶዋ ሴትም፣ የእኔም እጅ። ባየህ የሚባል ሰው ግን ሰፈራችን የለም። መምሬ «ትመለስ የሚል አለ?» ሲሉ ከዳር የተነሳ አልነበረም። ያን ሁሉ ቃል እዚያው ተቀምጬ ነው በሆዴ ያልሁት።

ደስታው